ስለ ፊልም ስንከራከር

ገበያ ስትወርዱ ከቪዲዮ ቤቱ ደጅ የሚወጣውን ጩኸትና ዘፈን ሰምታችኋል። ልጆቻችሁ ጥቂት ብር ከፍለው ይገባሉ። ሲወጡ መንገዱን ሁሉ እየተከራከሩ ነው የሚመጡት። አንዱ «እስከ ዛሬ ካየነው ሁሉ የዛሬው ይበልጣል» ይላል። ሌላው «ምኑ ነው! ዝም ብሎ ወሬ ነው» ይላል። ቤት ደርሰው እንጀራ ቀርቦላቸው እንኳ አይበርድላቸውም። ይህን ስታዩ «ሥራ የፈቱ!» ብላችሁ ይሆናል።

እኛ ልናስተምር የተላክን ተማሪዎችም እንዲህ ያለ ክርክር እንወዳለን። በዩኒቨርሲቲ ሳለን ስለ ፊልም ስንከራከር ስንት ሌሊት አንግተናል። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለዚህ ክርክር ነው። ክርክሩ ተከትሎን ወደምናስተምርበት መንደር መጥቶ ምን እንደሆነም እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት እንበል። ፊልም የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነው ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን ሥዕሉ አይንቀሳቀስም። ፊልም ማለት ተራ በተራ የተነሡ ብዙ ፎቶግራፎች ማለት ነው። አንድ ሰው እጁን ሲያነሣ፥ እጁ ጉልበቱ ላይ ሳለ አንድ ፎቶግራፍ ይነሣል። ትንሽ ከፍ ሲል ሌላ፥ ደረቱ ጋ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ይነሣል። እነዚህ ፎቶግራፎች በፍጥነት ተከታትለው ሲያልፉ ዓይናችን አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ እጁ ሲነሣ ያየን ይመስለናል። በሲኒማ ቤት በአንድ ሴኮንድ 24 ፎቶግራፎች ያልፋሉ። አንድ ሴኮንድ ልብ አንድ ጊዜ የምትመታበት ያህል ነው። ማታ ማታ ልጆች ጫፉ የጋመ እንጨት ሲያሽከረክሩ አይታችሁ የለም? ፍሙ አንድ ነው፤ ለዓይናችን ግን ቀይ ቀለበት ይመስላል። የፊልምም ነገር ከዚህ ይቀራረባል።

ሉሚየር የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በ1895 በፓሪስ ከተማ ከፍለው ለገቡ ሰዎች ፊልም አሳዩ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 1895 በእኛ 1888 መሆኑ ነው።) ፊልሞቹ የአንድ ደቂቃ ያህል ርዝመት ነበራቸው። ድምፅ አልነበራቸውም። አንዱ ፊልም ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ ያሳያል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ሰው ግን ተደነቀ። በእኛም አገር አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ይታይበት የነበረውን የመጀመሪያውን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ሰውየው በሌለበት መልኩ ግድግዳ ላይ ሲሄድ እያየ፥ ሌላ ምን ይበለው?

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ።

በዩኒቨርሲቲ በአንድ ክፍል ስድስት ሆነን ነበር የምንተኛው። ከስድስታችን ኮምፒውተር ያለው አንዱ ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ እሱን አልጋ ላይ አስቀምጠን፥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ፊልም እናያለን። የፊልሙ ማብቂያ የክርክሩ መጀመሪያ ነው። አንድ ጊዜ ሁለቱ ጓደኞቻችን በዚህ ሰበብ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይነጋገሩ ቆዩ። ያጣላቸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለ ፊልም ነው። በ1976 ለሕዝብ የቀረበ፥ ኃይሌ ገሪማ የተባለው የጎንደር ተወላጅ የሠራው ፊልም ነው። የሚናገረው ስለ ገበሬና ስለ ባለርስት ነው። ባለርስቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ገበሬዎቹን ያዛል፥ ይሰድባል። አንዲት እረኛ ልጅ የጌታዋን ላም ለማዳን ብላ ወንዝ ይወስዳታል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

አንዱ ጓደኛችን «የአገር ሰው ስለሠራው ነው የሚመሰገነው እንጂ፥ እንቅልፍ ያመጣል» አለ። ሌላው ተቆጣ። «የገበሬ ቀን ረጅም ነው። ፊልሙም ቢረዝም ምን ይገርማል? አንተ የከተማ ልጅ ስለሆንክ ነው» አለው። «የከተማ ልጅ» መባል ስድብ ሆኖ ተቆጠረ። በዚሁ ተኳረፉ። ፊልሙ ተረሳ፤ ክርክሩ ስለ አባቶቻቸው ሆነ።

እንግዲህ በክርክራችን ሁለት ነገሮች እየተደበላለቁ ያስቸግሩን ነበር። «ወድጄዋለሁ» ማለት አንድ ነገር ነው። «ጥሩ ፊልም ነው» ማለት ደግሞ ሌላ ነው። ሰው የማይረባ ነገር ሊወድ ይችላል፤ ጥሩ ነገርም ሊሰለቸው ይችላል። ሦስተኛ ደግሞ «ከልኩ በላይ የተወደሰ» የምንለው አለ። ይህ መጥፎ ፊልም ማለት አይደለም። ስሙ ከሥራው የበለጠ ማለት ነው። በሬ ስትገዙ ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። ደላላው «እንዲህ ያለ በሬ በአገሩ የለም» እያለ ያሞግሳል። እናንተ ግን ጥርሱን ታያላችሁ፥ ታስኬዱታላችሁ፥ ኮቴውን ታነሣላችሁ። ምስጋናውን ሰምቶ ብቻ የሚገዛ የለም። በፊልም ጊዜ ግን እኛ ተማርን የምንለው ሰዎች ብዙ ጊዜ ምስጋናውን ሰምተን እንገዛለን። ወይም ደግሞ ሌላው ስላመሰገነው ብቻ እናጣጥለዋለን። ይህም ያው ነው።

በዓለም ላይም ይኸው ክርክር አለ። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የሚባል የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት በየአሥር ዓመቱ የፊልም አዋቂዎችን «ከሁሉ የሚበልጠው ፊልም የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ የጠየቀው በ1952 ነው። በዚያን ጊዜ አንደኛ የወጣው «የብስክሌት ሌቦች» የተባለው የጣሊያን ፊልም ነበር። ቪቶሪዮ ደ ሲካ በ1948 የሠራው ነው።

የዚህን ፊልም ታሪክ ብንነግራችሁ አይከፋም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሮማ ከተማ ውስጥ አንድ ድኻ ሥራ አጥቶ ይኖራል። በመጨረሻ ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ግን ብስክሌት ላለው ሰው ብቻ ነው። የእሱ ብስክሌት ደግሞ በዕዳ ተይዟል። ሚስቱ የአልጋቸውን አንሶላ ሁሉ ገፍፋ በመያዣ አስይዛ ብስክሌቱን ታስለቅቅለታለች። ገና ሥራ በጀመረበት ዕለት ብስክሌቱን ሌባ ይወስድበታል። ከዚያ በኋላ ከትንሽ ልጁ ጋር ከተማውን ሁሉ ሲያስስ እናያለን። አያገኘውም። በመጨረሻ እሱ ራሱ የሰው ብስክሌት ለመስረቅ ይሞክራል። ልጁ እያየው ይያዛል። የሰውየውን ሆኖ የተጫወተው ተዋናይ አይደለም፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በሬው በክረምት መግቢያ የተሰረቀበት ሰው ይህን ፊልም ለማየት አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለንም።

መጽሔቱ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1962 እንደገና ሲጠይቅ ያ ፊልም አንደኛነቱን አጣ። አንደኛ የሆነው «ሲቲዝን ኬን» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ነው። ስለ አንድ ባለጸጋ የጋዜጣ ባለቤት ይናገራል። በ1941 የወጣ ሲሆን፥ በ1952ቱ የአሥር ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ግን እስከ 2012 ድረስ አንደኝነቱን የነጠቀው የለም። በ2012 «ቨርቲጎ» የተባለ ሌላ የአሜሪካ ፊልም በለጠው። በ2022 ደግሞ ከ1600 በላይ ሰዎች ተጠይቀው፥ አንዲት የቤልጅግ ሴት የሠራችው «ዣን ዲልማን» የተባለ ፊልም አንደኛ ሆነ። ሴት የሠራችው ፊልም አንደኛ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው።

እስቲ ልብ በሉ። የብስክሌቱ ፊልም ከ1952 እስከ 1962 አንድም ፎቶግራፍ አልተጨመረበትም፤ አንድም አልተቀነሰበትም። ያው ነው። የተለወጡት ፈራጆቹ ናቸው። ታዲያ «አንደኛ ነው ተብሏል» የሚለው ማስረጃ ምን ያህል ይጸናል?

«ዣን ዲልማን» የተባለው ፊልም በእኛም መካከል ብዙ አነታርኳል። በ1975 የተሠራ ነው። ሦስት ሰዓት ከ21 ደቂቃ ይፈጃል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በቤቷ ውስጥ በሦስት ቀን የምትሠራውን ያሳያል። ድንች ትልጣለች፤ ሲላጥ እስከ መጨረሻው እናያለን። ዕቃ ታጥባለች፤ እስከ መጨረሻው እናያለን። በመጨረሻ አንድ ከባድ ነገር ይደርሳል፤ እሱን አንነግራችሁም። አንዱ ጓደኛችን ገና በአርባኛው ደቂቃ ተነሣ። «ድንች ሲላጥ ማየት ከፈለግሁ እናቴ ቤት አለልኝ! ይኸ ነው የዓለም አንደኛ? ከልኩ በላይ ከተወደሱት ሁሉ ይኸ ዋናው ነው» አለ። ከእኛ ጋር የምታስተምር አንዲት ጓደኛችን ደግሞ «እናትህ ስትልጥ ስንት ጊዜ ተቀምጠህ አየሃት?» አለችው። እሱ መልስ አልነበረውም፤ ግን ፊልሙንም አልጨረሰም። (የፊልሙ ሠሪ ያን ጊዜ 25 ዓመት አልሞላትም ነበር። «ሲቲዝን ኬን»ን የሠራው ኦርሰን ዌልስም ሲሠራው 25 ዓመቱ ነበር። ሁለቱም በእኛ ዕድሜ መሆናቸው ነው። እኛ ደግሞ ድንቹን ስንነቅፍ እናመሻለን።)

ወደዚህ መንደር ስንመጣ ያን ኮምፒውተር ይዘን መጣን። አንድ ቀን ማታ ከትምህርት በኋላ ተማሪዎቻችን «ያን ሣጥን ክፈቱትና እኛም እንይ» አሉን። ተማሪዎቻችን ስንል ከእኛ ብዙዎቹ አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚሆኑ ገበሬዎች ማለታችን ነው። ምን እናሳያቸው? ተከራከርን። በመጨረሻ «ማዘር ኢንዲያ» የተባለውን የህንድ ፊልም መረጥን። ትርጉሙ «እናት ህንድ» ማለት ነው። መህቡብ ካን የተባለ ሰው በ1957 የሠራው ነው። የህንድ ፊልም በአገራችን ከተሞች ከጥንት ጀምሮ ብዙ ወዳጅ አለው። ዘፈን አለው፥ ልቅሶ አለው። ስለ ገበሬ ነው ደግሞ። ከመካከላችን አንዱ ብቻ «እሱማ ከልኩ በላይ የተወደሰ ፊልም ነው። ልቅሶ ብቻ ነው» ብሎ ተቃወመ። ድምፅ ስላነሰው ተሸነፈ።

ሃያ አምስት ያህል ሰው በአንዲት ትንሽ መስኮት ፊት ተሰበሰበ። ልጆች ከፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ እንዝርታቸውን እንደያዙ ከኋላ ሆኑ። ንግግሩ ህንድኛ ነው፤ ከሥር እንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ከእኛ አንዱ እያነበበ በአማርኛ ይነግራቸው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ዘጋው፤ ሌላው ተካው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ራዳ የተባለች ወጣት ታገባለች። አማቷ ለሠርጉ ከአራጣ አበዳሪ 500 ሩፒ ተበድራለች። ሩፒ የህንድ ገንዘብ ነው። አሮጊቷ ማንበብ አትችልም። እሷ የሰማችው ሌላ ነው፤ ወረቀቱ የሚለው ሌላ ነው። ነገሩ ለመንደሩ ሽማግሎች ይቀርባል። ወረቀቱ ያሸንፋል። ምርቱ ከአራት ተከፍሎ ሦስቱ እጅ ለወለድ ብቻ እንዲሄድ ይፈረዳል። እዚህ ላይ ስንደርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ከተቀመጡት መካከል አውራ ጣታቸውን ያዩ ነበሩ።

ከዚያ መከራው ይደራረባል። ባልዮው ድንጋያማ መሬት ሲያቀና ቋጥኝ ወድቆ ሁለት እጆቹን ያደቅበታል። መጦር አሳፍሮት ጥሏት ይሄዳል። በሬ የለም። ራዳ ራሷ ገብታ ሞፈሩን ትጎትታለች። ጎርፍ መጥቶ አዝመራውን ይወስዳል፤ ሕፃን ልጇም ይሞታል። አበዳሪው በእህል ሊገዛት ይመጣል፤ እምቢ ትላለች። ሁለት ወንዶች ልጆች አሳደገች። ታናሹ ቢርጁ የሚባለው የአበዳሪው ነገር ሆዱ ውስጥ የገባ ነው።

ራዳ ሞፈር ስትጎትት አንድ ሽማግሌ አላስችል አላቸው። «ቆይ! ቆይ! ይህ መንደር ሰው የለውም? ደቦ የለም? ወንፈል የለም? ባሏ የሄደባት ሴት ብቻዋን ስታርስ ጎረቤት ያያል? ይህ ውሸት ነው» አሉ። ከኋላ አንዲት ሴት «ለእኔ ስንት ቀን ደቦ ወጣችሁ፥ አባ?» አለቻቸው። ሳቅ ሆነ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። እኛ ይህን ፊልም ስንት ጊዜ ስናነሣና ስንጥል «ጎረቤቶቹ የት ናቸው?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

ፊልሙ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ስምንት ደቂቃ ብቻ የጎደለው ነው። የኮምፒውተራችን ባትሪ ግን ያን ያህል ዕድሜ የለውም። ቢርጁ ሸፍቷል። አበዳሪውን ገድሎታል። የአበዳሪውን ልጅ በሠርጓ ቀን ጠልፎ ፈረስ ላይ ጭኗታል። እናቱ ጠመንጃ ይዛ ከፊቱ ቆማለች። በዚህ መካከል መስኮቱ ጨለመ።

ጩኸቱን አትጠይቁን። መንደሩ ኤሌክትሪክ የለውም። የፀሐይ መብራታችን ኮምፒውተር አያስነሣም። ባትሪውን ለማስሞላት ገበያ መውረድ አለብን፤ ገበያው ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። «ንገሩን!» አሉ። ነገርናቸው። «እናቱ ተኮሰችበት፤ ሞተ» አልን።

አላመኑንም። ሽማግሌው «እናት ልጇን አትገድልም። ረስታችሁታል፤ ወይም ደግሞ ፊልሙን የሠራው ሰው እናት የለውም» አሉ። ሌላው ገበሬ «ጠላቱን ነው የገደለው። ደመኛውን የገደለ ልጅ ይመሰገናል እንጂ ይገደላል?» አለ። ሌላ ደግሞ «ልጅቱንስ ምን አደረገችው? ጥፋቱ የአባቷ ነው» አለ። ነገሩ እየጋለ ሄደ። ማንም ስለ ፊልሙ የሚናገር አይመስልም ነበር።

ያቺ ስለ ደቦ የተናገረችው ሴት እንዝርቷን አስቀመጠች። «እኔን የጠለፉኝ ጊዜ የልጁ እናት ደጅ ቆማ እልል ብላለች» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እንዝርቷን መልሳ አነሣች። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም። ሰው አንድ በአንድ እየተነሣ ወደየቤቱ ሄደ።

በዚያ ሌሊት እኛም አልተኛንም። ያ «ከልኩ በላይ የተወደሰ ነው» ሲል የነበረው ጓደኛችን አንድ ነገር አመነልን። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይቶት አያውቅም። ገና ሁለተኛ ዓመት ሳለ ግማሹን አይቶ ተኝቷል። የቀረውን የሰማው ከሌላ ተማሪ ነው። ያም ተማሪ ይየው አይየው አይታወቅም። ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነቅፍልን የነበረው ያላየውን ነበር። ሳቅንበት። ቆይተን ግን እያንዳንዳችን በልባችን ስንት ያላየነውን ፊልም እንዳወደስንና እንደነቀፍን መቁጠር ጀመርን። ቁጥሩን እዚህ አንጽፈውም።

በገበያው ቀን ሁለታችን ወርደን ባትሪውን አስሞላን። ማታ ከፊተኛው የሚበልጥ ሰው መጣ። የተቋረጠበትን ቦታ ፈልገን ጥቂት ወደ ኋላ መለስነው። ተኮሰች። ቢርጁ ከፈረሱ ወደቀ። እናቱ ሮጣ አቀፈችው። በእቅፏ ሞተ። ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ማልቀሳቸውን ሁሉም አየ፤ ማንም አላየሁም አለ። በኋላ «ከነገራችሁን ይሻላል» አሉን። «ስትነግሩን ገደለችው ብቻ ነው ያላችሁ። እንዴት እንደያዘችው አልነገራችሁንም።»

እውነታቸውን ነው። እኛ የነገርናቸው የሆነውን ነገር ነው። ፊልሙ ያሳያቸው እንዴት እንደሆነ ነው። በእኛ አስተያየት የፊልም ጥሩነት የሚመዘነው ከታሪኩ ይልቅ በዚህ ላይ ነው። ታሪክማ በቡና ላይም ይነገራል።

ነገሩን ለማቅለል ብለን ስለ ተዋናዮቹ አንድ ነገር አጫወትናቸው። ተዋናይ ማለት ያልሆነውን መስሎ የሚጫወት ሰው ነው። እናትየዋን የተጫወተችው ናርጊስ፥ ልጇን የተጫወተው ሱኒል ዳት ይባላሉ። ሁለቱም የተወለዱት በ1929 ነው። እኩዮች ናቸው። ፊልሙ በወጣ በዓመቱ በ1958 ተጋቡ። ይህን ስንናገር ቤቱ በሳቅና በ«ወይ ጉድ» ተሞላ። አንዲት አሮጊት «እናቱን!» ብለው አማተቡ። እናቱ እንዳልሆነች ለማስረዳት ብዙ ደከምን። እኒያ አሮጊት እስከ ዛሬም የገባቸው አይመስለንም።

ያቺ ሴት ግን አልሳቀችም። ጥያቄ አላት። «ልጅቱስ?» አለች።

«የትኛዋ ልጅ?» አልናት።

«ፈረሱ ላይ የነበረችው። ልጁ ሲወድቅ አብራ ነበረች። ከዚያ እናትና ልጁን ነው ያሳያችሁኝ። እናቲቱ አለቀሰች፥ እናንተም አለቀሳችሁ። ያቺ ሙሽራስ የት ገባች? ማን ወደ ቤቷ መለሳት? ቤትስ አላት? አባቷን ገድሎባታል እኮ!»

ወደ ኋላ መልሰን አየን። ልክ ናት። ተኩሱ ከተሰማ በኋላ ፊልሙ የሚከተለው እናትንና ልጅን ነው። የጠለፋው ነገር የተነሣው ለእናትየዋ ታላቅነት ነው። የተጠለፈችው ልጅ ከእሷ ጋር አብራ አልታዘነላትም። ራሷን ሆነን አላየናትም። ይህ ፊልም ከተሠራ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ስንከራከር «ዘፈኑ በዛ»፥ «ልቅሶው በዛ»፥ «አይ፥ እንዲህ ያለ ተዋናይ የለም» እንባባል ነበር። ይህን ጉድለት ያሳየን ሰው ግን አልነበረም። ያ ነቃፊው ጓደኛችን ተነሥቶ «እንግዲህ ከልኩ በላይ የተወደሰ ነው ማለት ይኸ ነው» አለ። ሴትዮዋ ወዲያው «አንተ ደግሞ! እኔ መቼ መጥፎ ነው አልኩ? ሌሊቱን ሁሉ ስለ እሱ ሳስብ ነው ያደርኩት» አለችው። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዟ ደስ አለን። እኛ ሁልጊዜ አንዱን ካልጣልን ሌላውን የምናነሣ አይመስለንም ነበር።

ከእኛ ጋር የምታስተምረው ጓደኛችን «ድፍረት» ስለተባለው ፊልም ነገረቻት። በ2014 የወጣ የአገራችን ፊልም ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተባለ ሰው ነው የሠራው። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች። ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድለዋለች፤ ትከሰሳለች። አንዲት ሴት ጠበቃ ልታድናት ትነሣለች። በ1990ዎቹ በአገራችን በእውነት የሆነውን ታሪክ መነሻ አድርጎ የተሠራ ነው። «በዚህኛው ልጅቱ አለች?» ብላ ጠየቀች። «አለች። ፊልሙ ስለ እሷ ነው» አልናት። «እሱን አምጡልኝ» አለች።

ነቃፊው ጓደኛችን «እሱም እኮ የተወደሰው አንጀሊና ጆሊ የምትባለዋ የታወቀች የአሜሪካ ተዋናይ ስሟን ስላስገባችበት ነው» ማለት ጀመረ። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩትና «ልጄ፥ ይህኛውንስ እስከ መጨረሻው አይተኸዋል?» አሉት።

አይቶታል። ሁለት ጊዜ አይቶታል። ስለዚህ ክርክሩ ለሚመጣው ቅዳሜ ተቀጥሯል። ባትሪውን ለማስሞላት የሚወርደውም እሱ ነው።